የጣት ንክኪና የፕሮግራም ሠሪው ኃላፊነት



የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የምትሞላው የቤተሰብ ማኅደር ለብዙ ዓመታት የወረቀት ነበረ። ዛሬ በብዙ ቀበሌዎች የጤና ሚኒስቴር ባስፋፋው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት መሠረት ታብሌት ይዛ ከቤት ወደ ቤት ትዘዋወራለች። በብዕር አንድ ጊዜ የተጻፈ አንድ ጊዜ ተጻፈ፤ በታብሌት ግን ፕሮግራሙ መከላከያ ከሌለው፣ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ሁለቴ ሲነካ አንዱ ሕፃን ሁለት ሕፃን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በአንደኛው መዝገብ ክትባቱ ሲሞላ፣ በሌላው እንደ ጎደለ ይቀራል።

መታ ማድረግ ለተጠቃሚው አንድ ድርጊት ነው። ለፕሮግራሙ ግን የጣት ማረፍና የጣት መነሣት ሁለት ናቸው፤ በመካከላቸውም ጣቱ ሊንሸራተት ይችላል። አንድሮይድ በተለምዶ እስከ 8 ዲፒ፣ ይኸውም ከአንድ ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንሸራተትን ቸል ይላል፤ ከዚያ ካለፈ ሰውየው ገጹን ሊያንሸራትት ፈልጓል ብሎ ይተረጉመዋል። እነዚህ ልኮች በደረቅና በሞቀ ክፍል ለተቀመጠ ሰው ይበቃሉ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው በደባርቅና በአካባቢው ደጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የታብሌቱ ገጽ የሚያውቀው የጣትን ክብደት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሙል ለውጥን ነው። በሥራ የሻከረ ደረቅ ጣት ደካማ ምልክት ይሰጣል፤ የክረምት ዝናብ ጠብታ ደግሞ ጣት መስሎ ሊታይ ይችላል። በብርድ የደነዘዘ እጅም ቀጥ ብሎ አይነሣም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የፕሮግራሙ ዝምታ ነው። ኔትዎርክ ሲዘገይ ቁልፉ መልኩን ሳይለውጥ ከቀረ፣ ሠራተኛዋ ደግማ ትነካዋለች። ይህን «የተጠቃሚ ስሕተት» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ቢጣራ ማን ይወቅሰዋል?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ትእዛዙ ጣት ሲያርፍ ሳይሆን ሲነሣ ይፈጸም፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ጣቱን ወደ ጎን አውጥቶ መተው ይችላልና። ቁልፉ ከ48 ዲፒ አይነስ፤ «አጥፋ» የሚለውም ከ«መዝግብ» ጎን አይቀመጥ። ብዙ ባለሙያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ በማገድ ይረካል። ይህ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። መልእክቱ ራሱ በደካማ መስመር ተደግሞ ሊላክ ይችላልና፣ ቅጹ ሲከፈት ታብሌቱ ልዩ መለያ ቁጥር ይስጠው፤ ተቀባዩ ኮምፒዩተርም ያንኑ ቁጥር ዳግመኛ ሲያይ አዲስ መዝገብ ሳይከፍት የፊተኛውን መልስ ይመልስ። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ በስልክ ገንዘብ ለሚያስተላልፍ ነጋዴም ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለም።

ፈተናው ግን በከተማ ቢሮ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ መሆን የለበትም። በሐምሌ ወር፣ ዳባት ላይ፣ በአንድ እጅ ዣንጥላ ተይዞ፣ በሌላው እርጥብ አውራ ጣት ቅጹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሞላ፤ ከዚያም ስንት መዝገብ እንደ ተከፈተ ይቆጠር።