የእጅ ሥራና የቤት ኑሮ
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ስለ እጅ ሥራ ንግድና ስለ ኑሮ እንድንናገር ሲጠይቀን ደስ ብሎን ተቀበልን። እኛ ስንል ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻችን ጋር ማለታችን ነው። እዚህ ናይሮቢ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሰፌድና መሶብ የምንሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችን። ሸማው ተሸምኖ የሚመጣልን ከአዲስ አበባ፣ ከሽሮ ሜዳ ነው። ጥልፉና ስፌቱ ግን የሚሠራው እኛው ቤት፣ ራት በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

የካምባ እናቶች በመንገድ ላይ እየሄዱ ከቃጫ ኪዮንዶ ሲሠሩ አይታችሁ ይሆናል። እጃቸው ይሠራል፣ እግራቸው ይሄዳል፣ ጨዋታውም አይቋረጥም። የእኛ ስፌት እንዲያ አይመችም። ስንደዶውና አክርማው እንዲለሰልስ ይነከራል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ በወስፌ እየበሱ ዙር በዙር መስፋት ነው። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል። ከዳር እስከ ዳር ግማሽ የደረሰ ሰፌድ ያዩ ደንበኞች «እንግዲህ ሊያልቅ ነው» ይሉናል፤ ሥራው ግን ገና ሩቡ ነው። የዋጋ ክርክራችን ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ሌላው ችግር ሁሉም ሰው የሚያዘው በአንድ ሰሞን መሆኑ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ዋዜማ ሌላው ቤት የዶሮው ሽንኩርት ሲከተፍ፣ እኛ ቤት ገና የነጠላ ጠርዝ ይዘመዘማል። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰንን። የበዓል ትዕዛዝ ከአንድ ወር በፊት ይዘጋል። ከራት በኋላ ደግሞ መርፌውና ወስፌው ሣጥን ይገባል፤ ጠረጴዛው የታናሿ ልጃችን የቤት ሥራ ነው። «ምነው፣ ለእኔ ለወዳጃችሁ?» ብላችሁ የተቀየማችሁ አላችሁ፤ እናውቃለን። ቡና እናፈላላችኋለን፣ ማታችንን ግን አንሸጥም።

በገንዘብ በኩል ኤም-ፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀሏል። ብቻ የሱቁ በራሱ የቲል ቁጥር፣ የቤቱ በቤቱ ስልክ ይግባ፤ አለበለዚያ የክር መግዣው ከትምህርት ቤት ክፍያው ጋር ይደባለቃል።

አሁን ቤታችንን የሚያከራክረው በማሽን የታተመው ጥበብ ነው። ዋጋው ከእጅ ሥራው በብዙ ያንሳል፣ ጥልፍም አይፈልግም። ታላቁ ልጃችን «እሱን እንሽጥና እማዬ ዓይኗን ታሳርፍ» ይላል። እናቱ ደግሞ «የሽሮ ሜዳው ሸማኔም እንደኛ ልጆች ያሳድጋል፤ እኛ ካልገዛነው ማን ይገዛዋል?» ትላለች። የሁለቱም ነገር እውነት አለው። በማሽን የተሠራ ጨርቅ በእጅ ሥራ ዋጋ ሲሸጥ ስናይ ግን ሁላችንም እንናደዳለን። ለጊዜው የማሽኑን ለሕፃናት ልብስ ብቻ እናስመጣለን፤ «የማሽን» የሚል ወረቀትም እንለጥፍበታለን። ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ትዕዛዝ ሲመጣ እንደገና መከራከራችን አይቀርም።

የዘንድሮን የፋሲካ ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ የካቲት መጨረሻ ነው።