በልጆች ካምፕ ሂሳብ ላይ ላልተዘጋው መስመር የተሰጠ መልስ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ የሂሳብ ሪፖርት ስናቀርብ አዳራሹ ውስጥ ቡና መቅዳት ይጀመራል። እውነቱን ለመናገር አንቀየምም፤ ቁጥር ሲነበብ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ከባድ ነው። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ደጋፊያችን እጃቸውን አውጥተው፣ «የልጆች ካምፕ ከሚለው ሥር አንድ ገንዘብ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነካ ተቀምጧል። የሰጠነው እንዲቀመጥ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁን። ያን ቀን የሰጠነው መልስ አጭርም ደካማም ነበር። ዛሬ በደንብ ልንመልስ ቆመናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከለቅሶ ቤት ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ከመካከላችን ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ሌሊት ስልክ ይደዋወላል፤ ወጥ ይሠራል፤ ወንበር ይመጣል፤ ጎፈንድሚ ይከፈትና ሬሳው አገር ቤት የሚገባበት ገንዘብ በሁለት በሦስት ቀን ይሞላል። በዚህ ማንም አይቀድመንም። ልጆቹስ? ልጆቹ ቤዝመንት ናቸው። ታብሌት ተሰጥቷቸው፣ ፒዛ ታዝዞላቸው፣ «ወደ ላይ እንዳትመጡ» ተብለው። አገር ቤት መርዶ በሚነገርበት ጠዋት ልጆችን ጎረቤት እንደምንልካቸው ማለት ነው። በክፋት አይደለም፤ እንዳይደነግጡ ብለን ነው። ልጁ ግን ከላይ የእናቱን ጩኸት ይሰማል፤ ወርዶ የሚነግረው ሰው የለም። አንዳንዱ ደግሞ «አባባ አገር ቤት ሄዷል» ይባላል። ሬሳው ስለሄደ ውሸትም አይደለም። ልጁ ግን የሄደ ሰው ይመለሳል ብሎ ይጠብቃል።

አርባው ሲወጣ እኛ ወደየሥራችን እንመለሳለን። የልጁ ሐዘን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ስለ ካምፖቹ የነገረችን አንዲት የትምህርት ቤት አማካሪ ናት። መጀመሪያ ስንሰማ፣ ያዘነ ልጅ ዛፍ ሥር ምን ያደርጋል ብለን ነበር። ኮምፎርት ዞን ካምፕ የሚባለው በ1999 እዚሁ ቨርጂኒያ የተጀመረ ነው። መሥራቿ ሊን ሂዩዝ በልጅነቷ እናቷንም አባቷንም ያጣች ሴት ናት። ለእያንዳንዱ ልጅ የሠለጠነ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይመደብለትና እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እህት አብሮት ይውላል። ይጫወታሉ፤ ደግሞ በየዕድሜያቸው ክብ ሠርተው ስለሞተባቸው ሰው ይነጋገራሉ። ካምፕ ኤሪን ደግሞ በ2002 በዋሽንግተን ግዛት ተጀመረ፤ የቤዝቦል ተጫዋቹ ጄሚ ሞየርና ባለቤቱ ካረን፣ በ17 ዓመቷ በካንሰር ባረፈች ልጅ ስም ነው ያቋቋሙት። ልጅ አልቅሶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ኳስ ሊጫወት ይችላል፤ እኛ ያንን ስናይ «ረስቶታል» እንላለን። እዚያ ያሉት ሰዎች አልረሳውም ይላሉ፤ የልጅ ሐዘን እንዲሁ እየመጣ እየሄደ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ልጁ አባት የሌለው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያያል። የላክናቸው ሦስት ልጆች ተመልሰው የነገሩን መጀመሪያ ይህንኑ ነው።

ሁለቱም ካምፖች ቤተሰቡን አያስከፍሉም። ታዲያ ገንዘቡ ለምን አስፈለገ? ነጻ የተባለው ለእናቲቱ ነጻ ስላልሆነ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሆቴል የምትሠራ እናት ልጇን ለማድረስና ለመመለስ የሁለት ቀን ደመወዝ ይቀርባታል። መኪና ከሌላት የመኪና ኪራይ አለ። ስሊፒንግ ባግ፣ የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ አለ። (እዚህ ሰመር የምንለው አገር ቤት ክረምት ነው፤ እዚህም አንዳንዴ ዝናቡ ይህንን የሚያስታውሰን ይመስላል።) በዚህ ምክንያት ነው ኢንተርኔት ላይ ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመርነው።

የመጀመሪያውን ገጽ ስንከፍት ሁለት ስህተት ሠራን። አንደኛው የሂሳብ ነው፤ ይሄኛው ይቀላል። ገጹን በማኅበሩ ስም ሳይሆን በአንዲት አባላችን ስም ከፈትነው። ስለዚህ ለታወቀ አንድ ልጅ በግለሰብ በኩል የተሰጠ ገንዘብ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ከግብር አይቀነስም። «የግብር ደብዳቤ ላኩልን» ላላችሁን ልንልክላችሁ አልቻልንም፤ አሁንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ክፍያውንም አስቀድመን አላስረዳናችሁም። በግለሰብ ስም በተከፈተ ገጽ ላይ ጎፈንድሚ ከእያንዳንዱ ልገሳ 2.9 ከመቶና 30 ሳንቲም ይቀንሳል። አንድ ሰው 100 ዶላር ሲሰጥ የሚቀነሰው 3 ዶላር ከ20 ነው። አሥር ሰዎች አሥር አሥር ዶላር ሲሰጡ ግን ከዚያው መቶ ዶላር ላይ 5 ዶላር ከ90 ይሄዳል። ቲፕ የሚለው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው፤ ለድርጅቱ የሚሰጥ ሲሆን በውዴታ ነው፣ ዜሮ ማድረግም ይቻላል። ይህን ቀድመን ብንነግራችሁ አሥር አሥራችሁን እንደ ዕቁብ አንድ ላይ ሰብስባችሁ በላካችሁ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ፎቶው ነው።

ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ ነበር። የአባቱን ፎቶ አቅፎ፣ ዓይኑ አብጦ። ያንን ፎቶ ገጹ ላይ ለጠፍነው። እናቱን አስፈቅደናል፤ ግን በዚያ ሳምንት ምን ብንጠይቃት እሺ ትል ነበር። ልጁንማ የጠየቀው የለም። ገንዘቡ እንደ ጎርፍ ገባ፤ ካሰብነው በላይ። እኛም ደስ ብሎን በየቡድኑ ሼር አደረግን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ስልክ ከፍቶ ገጹን አሳየውና፣ «ይሄ አንተ አይደለህም? ስንት ደረሰህ?» አለው።

ገጹን በዚያው ቀን ዘጋነው። ፎቶው ግን አንዴ ሼር ከተደረገ በኋላ የት የት እንደደረሰ እኛም አናውቅም። ልጁ ካምፕ አልሄድም አለ። «እዚያም ያውቁኛል» ነው ያለው። ገንዘቡን ለቤት ኪራይ ልንሰጥ እናቱን ጠየቅናት። «ልጄ ስንት ደረሰህ ተብሎበታል፤ አልነካውም» አለችን። ወደ ሌላ ልጅ እንዳናዞረው ደግሞ የሰጣችሁት ለእሱ ብላችሁ ነው። ለማዞር እያንዳንዱን ሰጪ ማስፈቀድ አለብን፤ ስማቸውን ሳይገልጹ የሰጡ ብዙዎች ናቸው። ያ ያልተዘጋ መስመር፣ የጠየቃችሁን ገንዘብ፣ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ገጽ በማኅበሩ ስም ነው የተከፈተው። በላዩ ያለው ፎቶ የስሊፒንግ ባግና የባትሪ ነው። ከሥሩ ለአንድ ልጅ ምን ምን እንደሚገዛና እናቲቱ ስንት ቀን ከሥራ እንደምትቀር ተጽፏል። ስም የለም፤ ዕድሜ የለም፤ የሟች ታሪክም የለም። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ ሁሉ የጽሑፍ ማረጋገጫ እንልካለን፤ ያለዚያ ወረቀት ከግብራችሁ ልትቀንሱት አትችሉም። ከዚያ በታች ለሰጠም ቢሆን ደረሰኝ አለ።

ገንዘቡ የሚገባው በዝግታ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አይወዳደርም። ከእናቶቻችን አንዷ በኮሚቴ ስብሰባ ላይ፣ «ሰው ካላየ አይራራም፤ ባዶ ከረጢት አሳይታችሁ ማን ይሰጣችኋል?» አሉን። እውነት አላቸው፤ መዝገባችንም የሚለው ይህንኑ ነው። ሁለት ልጆች በገንዘብ እጥረት አንድ ሰመር ዘግይተው ነው የሄዱት፤ ያንንም ልንደብቃችሁ አንፈልግም። ቢሆንም ፎቶ አንመልስም ብለን ወስነናል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልነበረም፤ ዛሬም የማይስማሙ አባላት እዚህ ተቀምጠዋል፤ ከንግግሩ በኋላ ቢናገሩ ደስ ይለናል።

ልጁን በየዓመቱ እንጠይቀዋለን። በኮሚቴ ሆነን አይደለም፤ አንዲት አባላችን እንደ አክስት ሆና ቤታቸው ቡና ስትጠጣ በጨዋታ መሐል ታነሣዋለች። ሁለት ዓመት እንቢ አለ። ዘንድሮ «ላስብበት» ብሏል። አሁን 12 ዓመቱ ነው፤ ካምፑ እስከ 17 ዓመት ይቀበላል። ገንዘቡ በመስመሩ ላይ ይቆያል፤ የሚመጣው ዓመት ሪፖርት ላይም ካያችሁት የምንሰጣችሁ መልስ ይኸው ነው።

የሚቀጥለው ገጽ የአዳራሽ ኪራይና የስልክ ወጪ ነው። ቡናውን መቅዳት ትችላላችሁ።