የወደቀችን እህት ቶሎ አናንሳ

እህቶቼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። የምነግራችሁ የደረሰብንን ነው።

መዓላ ስሠራ፣ አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጋረጃ ልትሰቅል ወጥታ ከመሰላል በአናቷ ወደቀች። ማዳም «ቁሚ!» ትላታለች። እኔም ብብቷን ይዤ ላነሳት ስል «እጄ ደነዘዘኝ» አለችኝ። ደንግጬ ተውኳት። ጎረቤቶች በሳንቃ አድርገው ሆስፒታል ወሰዷት፤ የአንገቷ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች።

አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት። በመሃላቸው ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። የተሰበረው አጥንት ከቦታው ቢንሸራተት እሱን ይጎዳል፤ እጅና እግር ሽባ ይሆናል፤ ጉዳቱ ወደ ላይ ከሆነ ትንፋሽም ሊቆም ይችላል።

ስለዚህ የወደቀች እህት «አንገቴን» ካለች ወይም ከደነዘዛት አታንሷት፤ ትራስ አታድርጉላት፤ ወጌሻም አይሻት። ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ፣ እንዳለ ያዙላት። ሊጎትታት የመጣውን «ላ ትሐርኩሃ» በሉት፤ አታንቀሳቅሷት ማለት ነው። ተነስታ ብትራመድ እንኳ አንገቷን ካመማት ትመርመር።

ማዳም ብትቆጣ ትቆጣ። ቁጣ ያልፋል፤ የተበጠሰ ሕብለ ሰረሰር ግን አይቀጠልም። እግዚአብሔር ይጠብቀን።