ስለ ላስታ ንቦች የተደረገ ንግግር



ከቂሊንጦ ተነሥተን ላስታ በደረስን ጊዜ የቅዱስ ላሊበላን ታሪክ ሰማን። ሲወለድ የንብ መንጋ ስለ ከበበው ስሙ «ንብ ንግሥናውን ዐወቀ» ማለት ነው ይባላል። ዐሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አይተን አደነቅን። እኔን ግን ይልቁን የገረመኝ ከከተማው ርቆ የሚገኘው ብልባላ ጊዮርጊስ ነው። በግድግዳው ውስጥ ንቦች ይኖራሉ፤ ማሩንም ሕመምተኞች ለፈውስ ይቀምሱታል።

ይህን ባየሁ ጊዜ ያለፈው መስከረም ትዝ አለኝ። የጎረቤታችን ንቦች ከቀፎው ሥር ረግፈው ተገኙ። በዋዜማው ጠዋት በማሳችን ላይ የተባይ መድኃኒት የረጨነው እኛ ነበርን።

አባቶቻችን ሆይ፤ መርጨት ግድ ቢሆን እንኳ ንብ ከቀሰም ተመልሳ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን። ለባለ ቀፎውም በዋዜማው ንገሩት፤ እኛ አልነገርነውም።