ጸጸታችንን ለታናናሾቻችን

(በሰፈራችን የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በ2018 ዓ.ም. የተነበበ ንግግር። አባላት በጠየቁት መሠረት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንዲወጣ ተደርጓል።)





ኮሚቴው የጠራን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ምክር እንድንሰጥ ነው። እኛ ግን ባለፈው እሑድ ተሰብስበን ብንነጋገር፣ ለምክር የሚያበቃ ነገር አላገኘንም። ያለን ጸጸት ነው። “ታዲያ እሱንስ ቢሆን ለምን እንደብቀዋለን?” ተባባልንና ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉን እውነታችሁን ነው። ነገር ግን የኛ ጅብ ይሂድ እንጂ የነዚህ ልጆች ገና በመንገድ ላይ ነው።

እንደምታውቁን በዚሁ ሰፈር ያደግን፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማርንና በአንድ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጥን ስምንት ልጆች ነን። ከስምንታችን 50 በመቶ ያመጣች አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሁለታችን በማካካሻው፣ ሪሜዲያል በሚባለው፣ ገባን፤ አንዳችን አልፎ ሲቀጥል አንዳችን ተመለስን። አምስታችን ቤት ቀረን። ከአምስታችን መካከል ሁለቱ በግል ደግመው ተፈትነው አንዱ ተሳክቶለታል፤ አንዱ በቴክኒክና ሙያ የኤሌክትሪክ ሥራ ተምሮ ዛሬ እንጀራውን ይበላል፤ የቀሩት በሥራ ላይ ናቸው። ማንም ሜዳ ላይ አልወደቀም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሆንም ሁላችንም የምንቆጭበት አንድ ነገር አለ። እሱም ኩረጃ ነው።

ኩረጃ ስንል በፈተና ቀን አንገት አስግጎ መመልከትን ብቻ ማለታችን አይደለም። የኛ ኩረጃ ከዚያ የሰፋ ነበር። የቤት ሥራ ኮረጅን፣ የትምህርት ዘርፍ ኮረጅን፣ በመጨረሻም የዩኒቨርሲቲ ምርጫችንን ሳይቀር ከሰው ኮርጀን ሞላን። በየተራ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የቤት ሥራው። ጠዋት ከሰልፍ በፊት አንዱ የሠራውን ሰባታችን እንገለብጥ ነበር። መምህሩ ደብተር ሲያይ ሁሉም ሠርቷል፤ ቤት ስንገባ “ሠርታችኋል?” ስንባል “አዎ” ነው። ሁሉም ደስ ብሎት ይውላል። 10ኛ ክፍል ሳለን ደግሞ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ እኛ ላይ አልደረሰም። ያን ጊዜ “ተገላገልን!” ብለን ጨፈርን። ዛሬ ስናስበው ግን ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወዲህ እስከ 12ኛ ድረስ የት ላይ እንዳለን በትክክል የመዘነን አልነበረም ማለት ነው። ራሳችንን መመዘን የኛ ፋንታ ነበር፤ አልመዘንም።

ሁለተኛ የዘርፉ ምርጫ። 11ኛ ክፍል ስንገባ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚባለው ጥያቄ መጣ። ከኛ ሦስቱ ማኅበራዊ ሳይንስ የገቡት ታሪክ ወይም ኢኮኖሚክስ ወደው አይደለም፤ ከሒሳብ ለመሸሽ ነው። የቀሩት ደግሞ “ጎበዝ የሚገባው ናቹራል ነው” ስለ ተባለና ጓደኛ ስለ ገባ ገቡ። እንዴ! አንድ ሰው ቢያንስ መምህር አይጠይቅም? አልጠየቅንም። ቢጠየቅ ኖሮ በ12ኛ ክፍል ፈተና ሒሳብ ለሁለቱም ዘርፍ እንደሚሰጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ተገብቶም የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በአንደኛ ዓመት ሒሳብ እንደሚማር ይነገረን ነበር። የሸሸነው ሒሳብ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። “እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ነው፤ ቢቀር ምን ይሆናል” ብለን ነበር። ነገር ግን የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም ጥያቄ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ሳይገባን መልስ ፍለጋ ስንዳክር የዋልንበት ሰዓት ቀላል አይደለም። አፕቲቲውድ የሚባለው ፈተና ደግሞ ተሸምድዶ የሚገባበት አይደለም፤ ማሰብን ነው የሚጠይቀው። እሱንም ለፈተና አንድ ወር ሲቀር ነው ያስታወስነው።

ሦስተኛ ፈተናው ራሱ። እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ፈተና በመሾለክና በኩረጃ ሲታማ የቆየ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተቋርጦ እንደገና እንዲሰጥ መደረጉን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚህና በመሰለው ምክንያት የኛ ፈተና፣ ማለትም የ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ብርድ ልብሳችንን ተሸክመን ገባን። ስልክ የለም፤ ፈታኙ የምናውቀው መምህር አይደለም፤ የለመድናት አጤሬራም አልገባችም። ወረቀቱ ሲታደል ያየነውን አንረሳውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችንን ነበርን።

ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ተነገረ። በአገሪቱ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ አይሞሉም፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ይህን ስንሰማ “ሁሉም ወድቋል እኮ” ብለን ተጽናናን። ጥፋቱ ሁሉ የተማሪው ነው አንልም። መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈልበት፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ የሚከርምበት ትምህርት ቤት የልጁ ጥፋት አይደለም። ይሁን እንጂ የብዙ ሰው መውደቅ የኛን መውደቅ አያነሣውም። በእጃችን የነበረውን እኛው ነን የጣልነው።

አሁን ስለዚያች ስላለፈችው ልጅ እንናገር፤ ፈቅዳልናለች። ክፍል ውስጥ እጇን እያወጣች “አልገባኝም፣ ይደገምልኝ” ትል ነበር። እኛ ከኋላ ሆነን እንስቅባት ነበር። ስም አውጥተንላት “ጠያቂዋ” እንላት ነበር። መምህሩ ሲደግምላት የገባን ለኛም ጭምር ነበር፤ ግን አመሰግናለሁ ያላት የለም። ይቅርታ የጠየቅናት ገና ባለፈው እሑድ ነው። ካሉን ጸጸቶች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

እሷ ግን ምን ብትለን ጥሩ ነው? “እኔም ጸጸት አለኝ” አለች። “አስኮርጃችሁ ነበር። ደብተሬን ስሰጣችሁ፣ ፈተና ላይ ክንዴን ገለል ሳደርግላችሁ የረዳኋችሁ ይመስለኝ ነበር። እምቢ ብዬ ቁጭ አድርጌ ባስረዳችሁ ኖሮ ምናልባት ሁለት ሦስት ሆነን እንገባ ነበር” አለች። ሁላችንም ዝም አልን።

አራተኛ የዩኒቨርሲቲ ምርጫው። እሷም ብትሆን እዚህ ላይ አልዳነችም። የምርጫ ቅጹን የሞላችው ኢንተርኔት ቤት ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ከፊቷ የነበረው ልጅ በደረደረው ቅደም ተከተል ነው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚሰጥ፣ የት እንደሚገኝ፣ አየሩ ለጤናዋ ይስማማ እንደሆን አልጠየቀችም። አራት ዓመት የሚኖሩበትን ቦታ በአሥር ደቂቃ!

በሪሜዲያል አልፎ የቀጠለው ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ሳያውቅ ቀረ። ዩኒቨርሲቲ መግባት ሁሉ ነገር መስሎት ነበር። ነገር ግን ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በቅድሚያ የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ የሚማርበት ክፍል የሚደርሰውም በምርጫውና በዚያ ጊዜ በሚያመጣው ውጤት ነው። እሱ “ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ” ብሎ የመጀመሪያዎቹን ወራት በጨዋታ አሳለፈ። የፈለገው ትምህርት ክፍል በነጥብ አመለጠው። ዛሬ የደረሰውን እየለመደው ነው፤ ግን “አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ” ይላል። ልብ በሉ፣ ማንም ያልነገረው ማንንም ስላልጠየቀ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር እናክል፤ ትንሽ ትምሰል እንጂ ሰው ታስለቅሳለች። የስማችሁ አጻጻፍ በ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬታችሁ፣ በትምህርት ቤት መዝገብና በ12ኛ ክፍል ምዝገባ በእንግሊዝኛው ፊደል ጭምር አንድ ዓይነት መሆኑን ዛሬውኑ ተመልከቱ። ከኛ አንዱ በአንዲት ፊደል ምክንያት ከቢሮ ቢሮ ስንት ቀን እንደ ተመላለሰ እሱ ያውቃል።

አሁን ወደ እናቶቻችንና አባቶቻችን እንመለስ። ከኛ አንዱ ውጤቱን በስልክ ካየ በኋላ ለእናቱ “ገና አልመጣም” እያለ ሁለት ሳምንት ደበቀ። እናቱ የሰሙት ጎረቤት ቡና ላይ ነው። ቤት ሲመለሱ አልጮሁም፣ አልተቆጡም። “ልጄ፣ መውደቅህ አይደለም ያመመኝ፤ ከሰው አፍ መስማቴ ነው” አሉት። ይህን ስናወራ አብረውን የነበሩ አንድ አባት “በኛ ጊዜ የማትሪክ ውጤት ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ መደበቅ አይቻልም ነበር” ብለው አሳቁን። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን ውጤቱ በልጁ ኪስ ውስጥ ነው፤ ብቻውን ተሸክሞት ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ወላጆቻችን፣ “ስንተኛ ወጣህ? ስንት አመጣሽ?” ብቻ አትበሉን። “ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው? ያልገባሽ የቱ ነው?” በሉ። አልገባኝም ያለ ልጅ ቤቱ ውስጥ ካልተዋረደ፣ ክፍል ውስጥም እጁን ለማውጣት አያፍርም። ልጅ ወድቆ ቢመጣም ያስገቡት፤ ደግሞ መፈተን አለ፣ ሙያ መማር አለ።

በመጨረሻ ማኅበራችንን የምንጠይቀውና በበኩላችን የምንገባው ቃል አለ።

1ኛ. የማኅበራችን አዳራሽ ስብሰባ በሌለበት ምሽት ሁሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ለተማሪዎች ክፍት እንዲሆንልን እንጠይቃለን። የሚያስፈልገው መብራትና ወንበር ነው። ቁልፉን በኃላፊነት እንረከባለን፤ ጽዳቱም የኛ ነው።

2ኛ. እኛ በሰፈሩ ያለነው አምስት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠናለን። ክፍያ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ጓደኞቻችንም ለዕረፍት ሲመጡ ይረዱናል።

3ኛ. የጥናቱ ሕግ አንድ ብቻ ነው። መልስ መገልበጥ አይፈቀድም፤ “አልገባኝም” ማለት ግን ይፈቀዳል። የሚስቅ ካለ ከበር ውጭ ይስቅ።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚህ ቦታ ላይ ቆማችሁ ሌላ ንግግር እንድታነቡልን እንመኛለን። የናንተው ግን እንደዚህ የጸጸት ንግግር አይሁን። ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እንጠብቃችኋለን። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ፣ ያልገባችሁንም ይዛችሁ ኑ።