ያልተጠራ ስም

(በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥነ ጽሑፍ አንድ ነገር ይበሉን፤ ግን ከምሳ በኋላ ስለሆነ አያርዝሙት» ብለውኛል። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው «አታርዝም» ሲባል ምን እንደሚሰማው መምህራኑ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም እሞክራለሁ።

የመረጥኩት ርእስ በልቦለድ ውስጥ ያለው ዐመፅና መሥዋዕትነት ነው፤ በተለይ «ዲስቶፒያ» በሚባለው የልቦለድ ዓይነት። ዲስቶፒያ ምንድን ነው ያላችሁኝ እንደሆነ፣ «ገነት እንሠራላችኋለን» ተብሎ የተሠራ ሲኦል ነው። ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1921 ጻፈ። በዚያ አገር ሰዎች ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው፤ የሚኖሩትም በመስታወት ቤት ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በገዛ አገሩ እስኪታተም ግን 1988 ደረሰ። የጆርጅ ኦርዌል «1984» ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1949 ወጣ። ኦርዌል መጽሐፉን የጨረሰው በሳንባ ነቀርሳ እየማቀቀ ነው፤ ከታተመ ስምንት ወር ሳይሞላ ሞተ።

ልጆቻችን የሚያውቁት ግን የሱዛን ኮሊንስን «ሀንገር ጌምስ» ነው። ካትኒስ የምትባል ልጅ የታናሽ እህቷ ስም ለሞት ጨዋታ በዕጣ ሲወጣ «እኔ ልሂድላት» ትላለች። ሕዝቡም ዝም ብሎ ሦስት ጣቱን ያነሣል። ይኼ ምልክት ከመጽሐፉና ከፊልሙ ወጥቶ አደባባይ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2014 ታይላንድ ውስጥ ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ ተቃዋሚዎች ሦስት ጣታቸውን አነሡ፤ በዚሁ ምክንያት የተያዙ ተማሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ደግሞ የማይናማር ጦር መንግሥት ሲገለብጥ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአገሪቱ አምባሳደር ቾ ሞ ቱን ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆሞ ያንኑ ምልክት አሳየ። ልቦለድ ምን ይሠራል ለሚል ሰው ይኼ በቂ መልስ ይመስለኛል።

እንግዲህ ካትኒስን መውደድ ቀላል ነው። እኔን ለብዙ ዓመት ያስቸገረኝ ዊንስተን ነው፤ የ«1984»ቱ ዊንስተን ስሚዝ።

መጽሐፉን ያነበባችሁ ሁለት ቦታዎችን አስታውሱልኝ። አንደኛው፣ ዊንስተንና ጁልያ ኦብራየን የሚባለው ባለሥልጣን ቤት ሄደው በኅቡዕ ማኅበሩ ለመግባት ሲጠይቁ ነው። ይመረምራቸዋል። ሕይወታችሁን ትሰጣላችሁ? አዎ። ትገድላላችሁ? አዎ። ማኅበሩን የሚጠቅም ከሆነ የሕፃን ፊት ላይ አሲድ ትደፋላችሁ? አዎ። እምቢ ያሉት «ትለያያላችሁ?» ሲባሉ ብቻ ነው። በኋላ እስር ቤት ውስጥ ዊንስተን «እኔ ከእናንተ እሻላለሁ» ሲል፣ ኦብራየን ያንን የተቀዳ ድምፅ ይከፍትለታል። ሁለተኛው ቦታ ክፍል 101 ነው። እዚያ የሚፈራውን ነገር ፊቱ ላይ ሲያቀርቡበት ዊንስተን ስቃዩ ወደ ጁልያ እንዲዞርለት ይጮኻል።

አንድ ዓመት ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እርስዎ ዊንስተን ላይ ይፈርዱበታል?» አለችኝ። የመጽሐፍ መልስ ሰጠኋት። ስለ ትረካ አንጻር፣ ስለ ምጸት ምናምን። ጻፈችው። ዛሬ እውነተኛውን መልስ ልስጣት ነው የቆምኩት፤ ምናልባት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ትኖር ይሆናል።

በ1969 ዓ.ም. ከዘመቻ ተመልሰን ግቢ ስንገባ አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛ ነበረኝ። እኔ ሰነፍ ነበርኩ፣ እሱ ጎበዝ። ሁለታችንም በአንድ ኅቡዕ ድርጅት ሥር ወረቀት እንበትን ነበር። እኔን በስም የሚያውቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ አሠራሩ እንደዚያ ነበር። የኛው ወገን ሰው መግደል ሲጀምር፣ «ይኼ ልክ ነው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። እኛም ኦብራየን ቤት ገብተን «አዎ፣ አዎ» ብለናል ማለት ነው። ድምፃችንን የቀዳው ስላልነበረ ብቻ ተረስቷል።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ማታ ጓደኛዬ ሳይመለስ ቀረ። ፍራሼን ገልብጬ ወረቀቱን አቃጠልኩ። ሁለት ሳምንት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ጫማዬን አጠልቅ ነበር፤ በባዶ እግሬ መወሰድ አልፈለግሁም። ማንም አልመጣም። እሱ ግን ተገደለ።

እውነቱን ያወቅሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አብሮት የታሰረ ሰው ሲነግረኝ ነው። እግሩን እየገረፉት «ማን ነው ጓደኛህ?» ይሉታል። እሱም ስም ይሰጣቸዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሲያጣሩ ሁሉም ቀድመው የሞቱ ሰዎች ናቸው። ስሜ ግን ከአፉ አልወጣም።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ዊንስተን ላይ አልፈርድም። እኔ አልተፈተንኩም። የተፈተነልኝ ሌላ ሰው ነው። ሰውን እስከዚያ ጥግ ድረስ ገፍቶ «ከዳህ» የሚል ሥርዓት ነው ፍርድ የሚገባው።

ግን ይህን ካወቅሁ በኋላም እናቱ ቤት ለመሄድ ወራት ፈጀብኝ። ያን ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ፣ ድንኳን መትከል ክልክል ነበር፤ እኔም አስራ ሦስት ዓመት በሰፈራቸው ላለማለፍ በሌላ መንገድ ዞሬያለሁ። ስሄድ አወቁኝ። «ምነው ጠፋህ?» አሉኝ። «ፈርቼ ነው፣ እማማ» አልኩ። ቡናውን እየቀዱ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እኔም እኮ ፈርቼ ነው ያላለቀስኩት» አሉኝ። አብረን አለቀስን።

በ«1984» ውስጥ ዊንስተን እናቱን ያስታውሳል፤ ምግብ በጠፋበት ዘመን የእህቱን ቸኮላት ነጥቆ ሲሮጥ እናቱ ሕፃኗን በክንዷ እቅፍ ያደረገቻትን። ክንዷ ቸኮላቱን አይመልስም፣ ሞትን አያስቀርም። እሷ ግን አቀፈቻት። ኦርዌል ተስፋውን ያኖረው እዚያ ክንድ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

የኛው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። «ኦሮማይ» ዲስቶፒያ አይደለም፤ የሆነውን ነው የጻፈው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሌላውን «ሂድና ሙት» አላለም። የከፈለው የራሱን ነው።

መለያው ይኼ ይመስለኛል። መሥዋዕት ከራስ የሚሰጥ ነገር ነው። የሰው ልጅ ላይ የሚወሰን ከሆነ ግን፣ ወሳኙ መንግሥትም ይሁን ዐማፂ፣ ስሙ ሌላ ነው። ዛሬም ስልኩን ይዞ፣ ከሩቅ ተቀምጦ፣ የሌላ እናት ልጅ እንዲሞት የሚጣራ ስሰማ ያ «አዎ፣ አዎ» የሚለው ድምፃችን ይሰማኛል። ወጣት መምህራን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልኝ።

አንድ ልመና አለኝና ላብቃ። የዓመት መጽሐፋችን በየዓመቱ የምሩቃንን ስም ያትማል። ጓደኛዬ አልተመረቀም፤ ስለዚህ የለበትም። ከኛ ጋር ገብተው ያልወጡትን ስም የያዘ አንድ ገጽ ማኅበሩ ይጨምርልን። የምታውቁትን ስም አምጡ፤ ከየትኛው ወገን እንደነበረ አትጠይቁ። እህቱን ሳላስፈቅድ የሱን ስም ከዚህ መድረክ አልጠራም። ጠይቄያት ከፈቀደች ግን ለአዘጋጆቹ የመጀመሪያውን ስም የምሰጠው እኔ ነኝ። እሱ ስሜን ባለመጥራቱ ኖሬያለሁ፤ እኔ ደግሞ የሱን ልጥራለት።