ምድር ምን ያህል ትሞቃለች?



ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በአየር ውስጥ እጥፍ ቢሆን ምድር ምን ያህል ትሞቃለች? ንግግሬ ስለዚህ አንድ ጥያቄ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በደጋ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፥ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ያደረ እንደ ሆነ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ደመና የሸፈነው ሌሊት ግን ይሞቃል። ምድር ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ጠፈር ስትመልስ፥ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ከፊሉን ያስቀርላታልና። ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቀንና ሌሊት የማይገፈፍ፥ በዓይን የማይታይ ጋቢ ነው።

ይህን በቁጥር ለማስላት ቀድሞ የደከመው የስዊድን ሊቅ ስቫንቴ አረኒየስ ነው። በ1896 ዓ.ም. በእጁ ሲያሰላ ቆይቶ፥ ጋዙ እጥፍ ቢሆን ምድር ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ትሞቃለች አለ። በ1967 ዓ.ም. ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ በአሜሪካ በኮምፒውተር ቢያሰሉት 2 ዲግሪ ያህል ሆነ። ማናቤም በ2021 ዓ.ም. የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

ዛሬ ሊቃውንት የአየር ንብረት ሞዴል የሚሉት ሒሳብ፥ አየሩንና ባሕሩን በብዙ ሣጥን ይከፍልና በየሣጥኑ ሙቀቱን፥ ነፋሱንና እርጥበቱን በፊዚክስ ሕግ ያሰላል። ከዚያም ጋዙን እጥፍ አድርጎ ለውጡን ይመለከታል። ጋዙ ብቻውን የሚያመጣው ሙቀት ከ1 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል፤ የውሃ ተንም ራሱ ሌላ ጋቢ ነው። ነጩ በረዶም ሲቀልጥ፥ ከሥሩ የሚገለጠው ጥቁር ባሕር የፀሐይን ሙቀት ይጠጣል። እንዲህ እያለ ሙቀት ሙቀትን ይጠራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ደመና ነው። ከሞዴሉ ሣጥን ያነሰ ስለ ሆነ በቀጥታ ሳይሆን በግምት ይሰላል፤ ደግሞም ቀን ጥላ፥ ሌሊት ጋቢ ነው። ስለዚህ በ1979 ዓ.ም. በጁል ቻርኒ የተመራው የሊቃውንት ጉባኤ መልሱን ከ1.5 እስከ 4.5 ዲግሪ አደረገው። በ2021 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ጉባኤ ከ2.5 እስከ 4 ሳይሆን አይቀርም ብሎ አጠበበው፤ ዋናው ግምትም 3 ነው።

«በልኩ ካላወቁት ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ገበሬ ዝናቡ የሚጀምርበትን ቀን በልኩ ባያውቅ፥ ክረምት አይመጣም ብሎ እርሻውን አይተውም። ሞዴሉም ተፈትኗል። በ1991 ዓ.ም. በፊሊፒንስ የፒናቱቦ ተራራ ፈንድቶ የረጨው ጭጋግ ፀሐይን በጋረደ ጊዜ፥ ሊቃውንት ምድር በግማሽ ዲግሪ ያህል ትበርዳለች ብለው አስቀድመው ተናገሩ፤ እንዳሉትም ሆነ።

ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ዓ.ም. በሃዋይ ደሴት መለካት ሲጀምር 315 ያህል ሆኖ ተገኘ፤ በ2024 ዓ.ም. ከ420 አልፏል። ወደ እጥፍ ከሚወስደው መንገድ እኩሌታው ተኪዷል ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ! በ2.5 እና በ4 መካከል ያለውን የሚወስነው በይበልጥ ደመናው ነው፤ ጋዙ እጥፍ ይሁን አይሁን የሚወስነው ግን ሰው ነው። የመጀመሪያውን ለመመርመር ሒሳብና ፊዚክስ ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ደግሞ ማስተዋል። ትምህርት ቤት የገባነው ሁለቱንም ለመያዝ ነው።